ንድፍ አውጪው፣ ልጁና የኮባ ዳቦ

አንድ ንድፍ አውጪ ነበረ። አጥናፉ ይባላል። ዐርባ ሸማኔዎች በነበሩባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ሸማኔዎቹ በሸማ ጠርዝ ላይ የሚያወጡትን ጥለት በወረቀት ነድፎ የሚሰጣቸው እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዘርፌ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ሚስቱ ትጋግረው የነበረውን ዳቦም አሁን የሚጋግረው እሱ ነው።

አጥናፉ እጁ ሥራ አይፈታም። ጎሕ ሲቀድ ሊጥ ያቦካል፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይነድፋል። ለሁለቱም ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ ዱቄት፣ ከዳቦው ላይ ቀለም አይጠፋም። ሲነድፍ ለብቻው ያወራል፣ ሲያቦካ ያንጎራጉራል። ሥራ የሚያስደስተው ሰው ነበር።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። የጀመረውን ነገር መተው አያውቅም። አንድ መስመር ካማረለት አጠገቡ ሌላ ይጨምራል። ሁለቱ ካማሩለት በመካከላቸው አበባ ያበቅላል። አበባው ላይ ንብ ያሳርፋል። ዳቦውንም እንዲሁ ያደርገዋል። ከዋንዛ እንጨት የጠረባቸው ሃያ ሁለት ማኅተሞች አሉት። ሊጡን በእነሱ ያትማል፤ ጥቁር አዝሙዱን ፍሬ በፍሬ እየደረደረ ወፍና ኮከብ ያወጣበታል። አንድ ቀን እንዲህ ሲደረድር ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ አልፎበት፣ ወርዶ ኮመጠጠ። እሱ ደርድሮ ጨረሰና እንዳለ ጋገረው። ዘርፌ አንድ ጊዜ ገመጠችና ዳቦውን ዞር አድርጋ አየችው።

"አባዬ፣ ያምራል" አለች። "አይበላም እንጂ።"

በዚያው ሰሞን ከቤተ መንግሥት መልእክተኛ መጣ። እቴጌይቱ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሦስት የሸማኔ ከተሞች እያንዳንዳቸው አንድ ሸማ ሠርተው በሃያ ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ፣ የተመረጠው ከተማም ለሙሽራዋና ለአጃቢዎቿ አምስት መቶ ሸማ እንዲሠራ ታዘዘ። ለዚያች ከተማ ይህ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥጥ ጠፍቶ፣ ገዢ ቀርቶ፣ ከዐርባዎቹ ሸማኔዎች ስድስቱ የሽመና ዕቃቸውን ሸጠው ሄደዋል። ሥራው ከተገኘ የቀሩት ይተርፋሉ። ካልተገኘ ከተማዋ ትበተናለች።

የከተማዋ ሽማግሌዎች አጥናፉን ጠርተው "ንድፉን በአንተ ላይ ጥለነዋል" አሉት። አጥናፉ ከደስታው ብዛት ቤቱ የገባው እየሮጠ ነው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ቀለሙን በጠበጠ፣ ጀመረ።

አሥራ አንድ ቀን ነደፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ሸማኔዎቹ ቤት ሄደ። የሸማኔዎቹ አለቃ ጋሽ ደምመላሽ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ እንደ ከተቱ ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ሌሎቹ ሸማኔዎች ከበቧቸው። ሽማግሌው ከዳር እስከ ዳር አዩት።

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ በጣታቸው እየነኩ።

"ጣዎስ ነው።"

"ይኼስ?"

"ጣዎሱ የቆመበት ዛፍ።"

"ከዛፉ ሥር ያለውስ?"

"ምንጭ ነዋ።"

"ምንጩ ውስጥ ዓሣ የለም?"

"አለ እንጂ። እዚህ ጋ ነው፣ ልብ ብለው ይዩት።"

"አጥናፉ" አሉ ሽማግሌው፣ "ይኼ ሸማ ነው ወይስ የኖኅ መርከብ?"

ሸማኔዎቹ ሳቁ። አጥናፉ አልሳቀም። "ስንት ቀን ይፈጃል?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ደምመላሽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ድሩን በሐሳባቸው ቆጠሩ።

"በአሥራ አራት ቀለም? ሃያ ስድስት ቀን።"

"የቀረን እኮ ዘጠኝ ቀን ነው።"

"እኔም ያለሁት አንተ ባለህበት ቀን ላይ ነው። ከውስጡ አንሳለት።"

"ምኑን ላንሳ?"

"ዓሣውን።"

"ዓሣው ከወጣ ምንጩ ባዶ ይቀራል።"

"ምንጩንም አንሳው።"

አጥናፉ ፊቱ ቀላ። ሰው የሚያማርርበት ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ደግሞ በልቡ የሚፈራው ነገር ነበረው። ሥራው ቀለል ያለ ቀን ሰው ሁሉ "የአጥናፉ እጅ ደከመ" የሚለው ይመስለዋል። ወረቀቱን ጠቀለለና "የሚሠራው እጅ ከጠፋ ንድፉ ምን ያድርግ" ብሎ ወጣ። ጋሽ ደምመላሽ ከኋላው አልጮኹም፤ በደረቁ ተናገሩት።

"እንግዲያው እኔም ዕቃዬን ሸጬ ቆላ ወንድሜ ዘንድ እወርዳለሁ። እርሻ እለምዳለሁ።"

እርሻ ለለመደ ሰው እርሻ ነው። ስልሳ ዓመት እግሩ ከሽመና ጉድጓድ ላልወጣ ሽማግሌ ግን መቀበሪያው ነው። አጥናፉም ይህን ያውቅ ነበር። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ቃሉ ከጆሮው አልወጣም።

ሁለት ቀን ሙሉ ንድፉን ለመቀነስ ታገለ። ዓሣውን አነሳ፤ ምንጩ ባዶ ስለ ሆነበት ዳክዬ አስገባ። ከዛፉ ሁለት ቅርንጫፍ ቆረጠ፤ ዛፉ ስላጋደለ በሌላው በኩል አጥር ሠራ። ቀለሙ አሥራ አምስት ሆነ። ሊጥ አላቦካም፣ አልጋገረም። ዘርፌ ሁለት ቀን ቆሎ ስትበላ ሰነበተች። ሰባት ቀን ሲቀር ጠዋት መጥታ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

"አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልጋግር።"

"አትችዪም።"

"ስትጋግር ሁልጊዜ አይሃለሁ። እማዬንም አያት ነበር።"

"እሺ። ማኅተሞቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው።"

"ማኅተም አልፈልግም።"

"አዝሙዱንስ እንዴት ልታደርጊው ነው?"

"ከሊጡ ጋር ይቦካል።"

"ላዩ ላይስ?"

"ላዩ ላይ ምን?"

"ላዩ ባዶውን ሊቀር ነው?"

"ዳቦ ነው የሚሆነው" አለች ዘርፌ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ቀለሙን፣ ብሩሹን፣ ማኅተሙን፣ የተጣጠፈውን ወረቀት ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ገፋችው። እንዲህ የጸዳ ጠረጴዛ በዚያ ቤት ከታየ ቆይቷል። ዱቄቱን ነፋች፣ እርሾውን ጨመረች፣ አዝሙዱን በተነች፣ አቦካች። አጥናፉ ከወረቀቱ ላይ ቀና እያለ ያያታል። ሊጡ ከቀትር በፊት ኩፍ አለ። ክብ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሲተነፍስ የሚሰማ ይመስላል። አጥናፉ ምንም ያልተነካ ሊጥ ሲያይ እጁ አላስቀምጥ አለው። ቀስ ብሎ አንዲት ትንሽ የኮከብ ማኅተም አነሳና ወደ ሊጡ ዘረጋ። ዘርፌ በዱቄታሙ እጇ ጠፍ አደረገችው።

"እጅህን።"

የተናገረችው በእናቷ ድምፅ ነበር። አጥናፉ ማኅተሙን አስቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መካከል ከቶ ተቀመጠ።

ዘርፌ ከጓሮ ሰፊ የኮባ ቅጠል ቆርጣ መጣች። አጥናፉ በኮባ መጋገር የተወው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የቅጠሉ ጅማት ዳቦው ላይ እየታተመ የማኅተሞቹን ቅርጽ ስላበላሸበት ድስቱን ዘይት እየቀባ ይጋግር ጀመር። ዘርፌ ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ አለሰለሰችው፣ ድስቱን አለበሰችበት፣ ሊጡን አስተኛችው፣ በሌላ ቅጠል ከላይ ሸፈነችው። ክዳኑን ገጥማ ከታች እሳት፣ ከላይ ፍም አደረገች። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ሽታው ሞላው። ጎረቤት ያለች ሴት በአጥሩ በኩል "ዘርፌ፣ ዛሬ ማን መጣላችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"ማንም አልመጣም። ዛሬ ልንበላ ነው" አለቻት ዘርፌ።

ዳቦው በሰለ። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ቅጠሉን ከላዩ ላይ ላጠችው።

አጥናፉ ተነሣ። ቀረበ። ጎንበስ አለ። በዳቦው መካከል አንድ ወፍራም መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ከእሱ ግራና ቀኝ፣ ጎን ለጎን፣ ተመሳሳይ ርቀት ጠብቀው፣ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ጎድን አጥንት ጎበጥ እያሉ ወደ ጠርዙ ይወርዳሉ። ጅማቱ የተጫነው ነጣ ብሎ፣ የቀረው ቀላ ብሎ ወጥቷል። ሌላ ምንም የለበትም። አጥናፉ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ይህን ሲያይ ስንት ዓመቱ ነው? ሚስቱ በየሳምንቱ ትጋግረው ነበር። በልቶታል። ጥለት ነው ብሎ አንድ ቀንም አላየውም።

"አባዬ፣ ምን ሆንህ? አረረ እንዴ?"

አጥናፉ ትኩሱን ዳቦ በነጠላው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተና በሩን ከፍቶ ሮጠ። ዘርፌም ምሳዋ ሲሸሽ አይታ ተከተለችው። በመንገድ ያለ ሰው ቤት የተቃጠለ መስሎት ውኃ የያዘ እንስራ ተሸክሞ አብሮ ሮጠ። አጥናፉ ሸማኔዎቹ ቤት ደርሶ ዳቦውን ከጋሽ ደምመላሽ ፊት አስቀመጠ። ሽማግሌው የሽመና ዕቃቸውን ሊሸጡ ፈታተው ይዘው ነበር።

"ይኸውልዎ።"

"ምሳ አመጣህልን?"

"ጥለት ነው ያመጣሁት።"

ሽማግሌው ዳቦውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። በመጨረሻ ወደ ዳቦው ተመለሱና አጎነበሱ። ጣታቸው በወፍራሙ መስመር ላይ ሄደ፣ ከዚያ በቀጫጭኖቹ ላይ ወረደ።

"ስንት ቀለም?"

"አንድ። ሌላው የሸማው ነጭ ራሱ ነው። ስፋቱ አንድ ክንድ ይሁን፤ ከሸማው ግርጌ ጀምሮ።"

"ቀለሙ ምን ይሁን?"

አጥናፉ ገና ሲያስብ ዘርፌ ከኋላው እያለከለከች "ቅጠል አይደለም እንዴ? አረንጓዴ ነዋ" አለች።

"በአንድ ቀለም አምስት ቀን" አሉ ጋሽ ደምመላሽ። "መንገዱ አንድ ቀን። አንድ ቀን ይተርፈናል።"

"በትርፉ ምን እናደርጋለን?" አለ አንዱ ሸማኔ።

"እንተኛለን። አሁን ግን ተነሡ፣ ድር ዘርጉ።"

አጥናፉ ወረቀትና ከሰል ይዞ የዳቦውን መልክ ይነድፍ ጀመር። ዳቦው ትኩስ ነው፣ ሸማኔዎቹም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አንዱ ከዚህ ጠርዝ ቆረሰ፣ አንዱ ከዚያ። "ቆዩ፣ ገና ነኝ" ይላል አጥናፉ፣ ከሰሉን እያጣደፈ። እነሱ ሲቆርሱ እሱ ሲነድፍ፣ ዳቦው ሲያልቅ ንድፉ አለቀ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። መወርወሪያው ከእጅ እጅ ይበር ነበር። አንዱ ሲደክመው ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ዘርፌ በየቀኑ ዳቦ ጋግራ ታመጣለች፤ አጥናፉ ዱቄት ይነፋላታል። ሸማው ክንድ በክንድ ሲያድግ የሰፈሩ ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል።

በአራተኛው ቀን አጥናፉ ብቻውን መጣ። ጥለቱን ቆሞ አየው። ያምራል። አንዲት ትንሽ ቀይ ኮከብ በጫፉ ላይ ብትጨመርበት ደግሞ እንዴት በሆነ ብሎ አሰበ። አንዲት ብቻ። ማን ያያታል? ቀይ ክር ልቃቂት በኪሱ ይዞ ነበር። ጋሽ ደምመላሽ ከጉድጓዱ ቀና ብለው አዩት።

"ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ምንም።"

"ምንም ነገር ኪስ አያሳብጥም።"

አጥናፉ ልቃቂቱን አወጣ። ሽማግሌው አልቆጡትም፣ አልሳቁበትምም። መወርወሪያውን አስቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ።

"ንድፉ ያንተ ነው። ጨምር ካልክ እጨምራለሁ" አሉ።

አጥናፉ ልቃቂቱን አየ። ኮከቧ በዓይኑ ትታየዋለች። ከኮከቧ ቀጥላ ጨረቃ መጣች፤ ከጨረቃዋ ቀጥሎ ደመና። ዛሬ ላንዷ በሩን ቢከፍት ነገ ሁሉም እንደሚገቡ አወቀ። "ይጨርሱት" አለና ወጣ። በማግስቱ ሸማው አልቆ ሲታጠፍ ጥቅሉን ያሰሩት በቀዩ ክር ነው።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ ከተሞች በቤተ መንግሥቱ ሜዳ ተሰበሰቡ። የአንደኛው ከተማ ሸማ በወርቅ ክር የተሠሩ አንበሶች ነበሩበት። የሁለተኛው ጣዎሶች፣ አሥራ ሁለት ቀለም። ሕዝቡ ሁለቱን ሲያይ ተንጫጫ። ሦስተኛው ሲዘረጋ ዝም አለ። አጥናፉ ዝምታውን ሰምቶ ወደ ኋላ ሊል ሲል ጋሽ ደምመላሽ ክንዱን ያዙት።

እቴጌይቱ ተነሥተው ተናገሩ። "ልጄ የምትዳረው ከትልቁ ወንዝ ማዶ ነው። ዘመዶቿ ሊጠይቋት ሲሄዱ ከወዲህ ዳር ቆመው ጀልባ ይጠብቃሉ። እሷም ከወዲያ ሆና 'የኔ ሰዎች መጡ' ብላ ማወቅ አለባት። እንግዲህ እንየው።"

ሦስት ሰዎች ሦስቱን ሸማዎች በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው ያዙ። "ሂዱ" አሉ እቴጌይቱ። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው በሜዳው ላይ ሄዱ። መቶ እርምጃ ሲርቁ አንበሶቹ ጠፉ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ቀረ። "ሂዱ።" ሁለት መቶ ሲሆን የጣዎሶቹ አሥራ ሁለት ቀለማት ተደባልቀው አመድ መሰሉ። አጥናፉ እዚያ አመድ ውስጥ የራሱን ጣዎስ አየው። "ሂዱ፣ አትቁሙ።" ሰዎቹ ሜዳውን ጨርሰው ተረተሩን ወጡ። ልዕልቲቱ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታይ ነበር።

"ምን ይታይሻል?" አሉ እናቷ።

"የኮባ ቅጠል።"

"አሁንም?"

"አሁንም። የተሸከመው ሰውዬ ራሱ አይታየኝም፤ ቅጠሉ ግን ይታየኛል።"

ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ሠላሳ አራት ሸማኔዎች ተቃቀፉ። ጋሽ ደምመላሽ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እቴጌይቱ ንድፍ አውጪውን አስጠሩት።

"ከዚህ ሥራ ላይ የጎደለ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁት።

"ብዙ አለ፣ እቴጌ። ጣዎስ ነበረ፣ ዛፍ ነበረ፣ ምንጭና ዓሣም ነበሩ። ሁሉንም እቤት ትቼአቸው መጣሁ።"

"ሲቀሩ አላዘንክም?"

"ዓሣው አሳዝኖኛል" አለ አጥናፉ።

እቴጌይቱ ሳቁ። ሥራው ለዚያች ከተማ ተሰጠ። ሸማኔዎቹ አምስት መቶውን ሸማ በጊዜው ጨረሱ፤ ሄደው ከነበሩት ስድስቱም አራቱ ተመለሱ። ጋሽ ደምመላሽ ቆላ አልወረዱም።

ይህን ታሪክ የምትሰማ ሁሉ አስተውል። በቆሎ የዘራ ሰው ቡቃያው ሲወጣ ያሳሳዋል። የሚነቅለው አረሙን ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውን፣ ለምለሙን ቡቃያ ጭምር ነው። ካልነቀለ ሁሉም እርስ በርሱ ተሻምቶ አንዱም አያፈራም። ሥራም፣ ቤትም፣ ልጅ ማሳደግም እንዲሁ ነው። መጥፎውን ማንሳት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ደኅናውን፣ የምንወደውን፣ በእጃችን የሠራነውን ማንሳት ነው። አጥናፉ ዓሣውን ወድዶት ነበር። ወድዶት ሳለ ስለ ተወው ከተማው ተረፈ።

አንተስ፣ አንቺስ፣ በእጃችሁ ካለው ነገር ውስጥ ደኅና ሆኖ ሳለ ቦታ የያዘው የትኛው ነው? የምትነቅሉትስ መቼ ነው?